ሼቬሏን ማን ሠራት

አርዲት ክሎፕፈንስታይን ስትናደድ ጆሮዋ ይቀላል። ኮኮሞ ከተማ ዳርቻ እሷ ትነዳው በነበረው አውቶቡስ ትምህርት ቤት የተመላለሱ ልጆች ሁሉ ይህንን ያውቃሉ። ዛሬ ወልደው ከብደው እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላም ከማለታቸው በፊት ዓይናቸው ወደ ጆሮዋ ይሄዳል። ያን ቅዳሜ ጠዋት ኢንዲያናፖሊስ ኤግዚቢሽን ሜዳ ላይ ቢያገኟት ኖሮ ግን ሰላምታውንም ትተው ይሸሹ ነበር።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ በየግንቦቱ እዚያ ትሠራለች። ጨረታ ነው። በእሷ ኮረዳነት ጎረምሳው ሁሉ ያልማቸው የነበሩ፣ ከአቅማቸው በላይ ሞተር የተሸከሙ ጉልቤ መኪኖች ዝገታቸው ተፍቆ፣ እንደ አዲስ ታድሰው ይሸጡበታል። የአርዲት ሥራ መንዳት ነው። መኪናዋን ከድንኳኑ ታወጣለች፣ መድረኩ ላይ ትወጣለች፣ አጫራቹ እስኪጨርስ መሪ ይዛ ትቀመጣለች፣ መዶሻው ሲመታ ነድታ ትወርዳለች። ሞተር ማስጮኽ ክልክል ነው። ሬዲዮ መነካካት ክልክል ነው። ከሁሉ በላይ መናገር ክልክል ነው። የሾፌሮቹ አለቃ ኮርቢን፣ ራሱ በልጅነቱ በእሷ አውቶቡስ የተመላለሰ መላጣ ጎልማሳ፣ በየጠዋቱ ሁሉንም ሰብስቦ «ሾፌር አፍ የለውም» ይላል። ሁሉንም ሰብስቦ ይበል እንጂ የሚያየው አርዲትን ነው።

ያን ጠዋት «እትዬ አርዲት፣ ያንቺ አረንጓዴዋ ሼቬል ናት፣ ድንኳኑ ጫፍ ላይ» አላት። አረንጓዴ ሼቬል መኪና በዓለም ላይ ስንት አለ! ምንም ሳትጠረጥር ጓንቷን እያጠለቀች ሄደች። ከሩቅ አየቻትና እግሯ ቆመ።

ሰው ልጁን ከጀርባው ያውቀዋል። ኮፋኖዋ ላይ የተዘረጉትን ሁለት ጥቁር መስመሮች፣ የኋላ መብራቶቿን፣ የበሯን አገጣጠም አየች። የራሷ መኪና ናት! ከቤቷ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የለፋችባት፣ ባሏ ሜርል ከሞተ በኋላ የባሏ ወንድም ጋርላንድ «ዝናብ እንዳይመታት እኔ ዘንድ ትቆይ» ብሎ የወሰዳት ሼቬል።

«ኮርቢን! ይቺ መኪና እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ልትሸጥ ነዋ! ሣር ልታጭድ የመጣች መሰለሽ?»

«ቀልድህን ለሚስትህ! ማን አመጣት?»

«ጋርላንድ የሚባል ሰውዬ። የኮፍያው ስፋት ጃንጥላ የሚያህል።» ከዚያ ጆሮዋን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ምነው እትዬ፣ ሌላ ሾፌር ልመድብ?»

«ሌላ ሰው እሷ ውስጥ ቢገባ እግሩን ነው የምሰብረው» አለች።

የመኪናዋ ነገር እንዲህ ነው። ሜርልና ጋርላንድ በጎረምሳነታቸው አንድ ገበሬ እርሻ ዳር ከጣላት ቦታ አንሥተው ገዟት። ወለሉ ነትቦ፣ ከሞተሯ ሥር ቁጥቋጦ በቅሎባት ነበር። ሊብሬው በሁለቱ ወንድማማቾች ስም ወጣ። ከዚያ ጋርላንድ ትዳር ያዘ፣ ንግድ ያዘ፣ መኪናዋን ረሳት። ሜርል ግን ከፋብሪካ ጡረታ እስኪወጣ በሸራ ሸፍኖ አቆያትና ሥራውን ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ እጁን ያ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ያዘው። መፍቻው ከእጁ ይወድቃል፤ ያነሣዋል፤ ይወድቃል። አንድ ቀን አርዲት መጋዘኑ ስትገባ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አገኘችው። አጠገቡ የጀመረው ብየዳ አለ፣ የተንሻፈፈ፣ የተጨማለቀ። የብየዳ ጭምብሉን ከራሱ ላይ አወለቀችና ለራሷ አጠለቀችው። «ንገረኝ ከየት ልጀምር» አለችው።

በቃ፣ ከዚያ ወዲህ መኪናዋን የሠራት አርዲት ናት። ላሜራውን የቆረጠች እሷ፣ የበየደች እሷ፣ ስቱኮውን የለቀለቀች እሷ፣ ጣቷ እስኪደማ በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈገች እሷ፣ ቀለሙን የቀባች እሷ። ሜርል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያወራል። ማውራትስ ያውቅበት ነበር! ጎረቤት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የመኪና ድምፅ ሲሰማ አርዲት መፍቻውን እጁ ላይ ታኖርለትና እጇን በጨርቅ ጠርጋ «ሎሚናት ላምጣ» ብላ ወደ ቤት ትገባለች። ጎረቤቱ «ሜርል፣ አንተ እኮ ሰው አይደለህም፣ ጉድ ነህ!» ሲል በመስኮት ትሰማለች። የሜርል ፊት ሲበራም ታያለች። ባል ነው፤ የታመመ ባል ነው። ይሁንለት አለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው በሥራው የተቸገረችው። መኪናዋን መጀመሪያ ለታደሱ መኪኖች ውድድር ሲያወጧት ዳኛው በጀርባው ተኝቶ ሥሯ ገባ፤ ሲወጣ ራሱን እየነቀነቀ ነው። «ታምራለች፤ ችግሩም እሱ ነው» አለ። «የዚያን ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛ ሥሯን እንዲህ አሳምሮ ቀብቷት አያውቅም። ጥድፊያው የለም፣ መንጠባጠቡ የለም። ነጥብ ቀንሻለሁ።» ሕጉ እንዲህ ነው፤ የታደሰ መኪና ያኔ ከፋብሪካ እንደወጣ መሆን አለበት፣ ከነዝርክርክነቱ። አርዲት ደግሞ ያደገችው የውስጥ ሱሪ ሳይቀር በሚተኮስበት ቤት ነው። ዝርክርክ መሆን አቃታት! ካርቶን ዘርግታ ተለማመደች፤ ጥቁሩን ቀለም ወደ ሌላ ቦታ እያየች ረጨችው፤ አሁንም ልክ ሆኖ ተገኘ። ሜርል ባልዲው ላይ ሆኖ በሳቅ ይፈርሳል።

«አርዲት፣ አሁንም ንጹሕ ነው! እንደ ፋብሪካው ሰውዬ ሁኚ፤ የምሳ ደወል ተደውሏል በይ፣ አለቃሽ እየጮኸብሽ ነው በይ፣ ሚስትሽም ጥላሽ ሄዳለች በይ!»

«እኔ ብሆን ኖሮ ድሮ ነበር ጥዬህ የምሄደው!» ብላ ካርቶኑን ወረወረችበት። ሁለቱም እስኪያንቃቸው ሳቁ። ከብዙ ልምምድ በኋላ ተሳካላት፤ የጠደፈ ወንድ የረጨው የሚመስል፣ የተንጠባጠበ፣ አንዱ ጥግ የተዘለለ ቀለም። በዕድሜዋ ሙሉ በመጥፎ ሥራ የኮራችው ያን ቀን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ውድድር ዳኛው ለሜርል እጁን ዘረጋለት። አርዲት ዳር ቆማ አጨበጨበች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የአርዲት ዝምታ ግን ነቅዞ ኖሯል፤ እሷም ያወቀችው ያን ቅዳሜ መኪናዋን ድንኳን ውስጥ ስታያት ነው።

ጋርላንድ የአሳማ ጥብሱ ከዳቦው የሚሰፋ ሳንዱች እየገመጠ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነት ለመናገር ሜርል ሲታመም በየሳምንቱ እየመጣ ጠይቆታል። እሱም ክፋት ቢኖረው ይሻል ነበር፣ ለመናደድ ይመች ነበር።

«አርዲትዬ! አንቺ ትነጃታለሽ ሲሉኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሜርል ቢያይ ምን ይል ነበር!»

«ሳትነግረኝ ልትሸጣት?»

«ልነግርሽ እኮ ነበር። ብሩን ደግሞ እኩል ነው የምንካፈለው። የወንድሜን ሚስት የምበላ ሰው አድርገሽ ነው የምታይኝ?»

«ስለ ብር ማን አነሣ? ብሩን ከዚያ ሳንዱችህ ጋር ብላው! ለአጫራቹ ምን ብለህ ነገርከው?»

«እውነቱን ነዋ። ሁለት ወንድማማቾች ገዟት፣ አንደኛው በሽታ እየታገለው በገዛ እጁ አደሳት፣ ጨርሶ አረፈ። ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል።»

«በገዛ እጁ?»

«በገዛ እጁ።»

«ሾርባ ማን ያጎርሰው ነበር ጋርላንድ? ያ እጅ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው የት ነበርክ?»

«እሱማ መጨረሻ ላይ ነው…»

«መጨረሻ ላይ አይደለም! ከመጀመሪያው ነው! መኪናዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። ብየዳዋም፣ ላሜራዋም፣ ቀለሟም። አሁን ሄደህ ለዚያ አጫራች ስሜን ንገረው። አርዲት ክሎፕፈንስታይን ሠራቻት ይበል። አንድ ጊዜ፣ በማይክ። ብሩን እንዳለ ውሰደው፤ ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም።»

ጋርላንድ ሳንዱቹን አወረደ። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልተቆጣም። አዘነላት! እሷን የሚያቃጥላትም እሱ ነው፣ ማዘኑ።

«አርዲትዬ፣ ኀዘን እንዲህ ያደርጋል፤ አይፈረድብሽም» አላት ለስለስ ብሎ። «ሜርል ራሱ እኮ ነው የነገረኝ። ሆስፒታል ሳለ፣ መጨረሻው ሲቀርብ። ‹ጋርላንድ፣ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አርዲት ደግሞ እግዚአብሔር ይስጣት፣ መብራት ትይዝልኝ ነበር› አለኝ። ከሚሞት ሰው አፍ ነው የሰማሁት።»

ፊቱን በደንብ መረመረችው። ውሸት ፈለገች፣ አጣች። ሰውየው የሚያምነውን ነው የሚናገረው።

መብራት መያዝ ምን እንደሆነ እዚያ አገር ያላወቀ የለም። አባት ሞተር ሥር ይገባል፣ ልጅ ወይም ሚስት አምፖሉን ይዞ ይቆማል። ክንድ ይዝላል፣ ብርድ ይገባል፣ «እዚህ እንጂ፣ የት ነው የምታየው!» ተብሎ ይሰደባል። ለመብራት ያዥ የሚያጨበጭብ የለም። ዘጠኝ ዓመት የብየዳ እሳት ክንዷን ሲጠብሳት የኖረችው አርዲት በባሏ አፍ መብራት ያዥ ሆና ቀረች።

«ኮርቢን እየጠራሽ ነው» አለ ጋርላንድ። «በይ፣ ቀስ ብለሽ ንጂያት።»

መኪናዋ ውስጥ ገባችና በሩን ጠረቀመችው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። አርዲት ግን እዚያው መሪው ፊት ለፊት ተቀምጣ ሙት ወቀሰች፣ ያውም አጥንቱ እስኪሰማ። «አንተ ሜርል! ለጎረቤት ዋሽ አልኩህ። ለዳኛውም ዋሽ፣ ደስ ይበልህ አልኩህ። ለወንድምህም? በሞት አፋፍ ላይ ሆነህም? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ቢያውቅ ምን ትሆን ነበር? ትሞት ነበር? ሞተህ የለ!» ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። ከፊቷ ያለው ሾፌር ዞር ብሎ አያትና ቶሎ ተመለሰ። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው እምቢ አለ፤ ንዴቱ አደረቀው።

ተራዋ ደረሰ። ሼቬሏን በቀስታ መድረኩ ላይ አወጣቻት፣ መብራቱ ፊቷ ላይ ቦግ አለ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አጫራቹ ቀይ ኮት የለበሰ፣ አፉ ቅቤ የጠጣ ሰውዬ ነው።

«ወገኖቼ፣ ልባችሁን ያዙ! ይቺ ሁለት ወንድማማቾች የገዟት ሼቬል ናት። ታናሽየው ሜርል ክሎፕፈንስታይን እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ብቻውን፣ ማንም ሳይረዳው አደሳት። ሥራውን ጨርሶ ዓይኑን ጨፈነ። ወንድሙ ጋርላንድ ይኸው አጠገቤ ቆሟል፣ አጨብጭቡለት!»

ጋርላንድ ኮፍያውን አነሣ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። አርዲት መሪዋን ጨበጠች።

«ይህንንማ እዩልኝ!» አለ አጫራቹ፤ የአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ የመኪናዋ ሆድ ፎቶ ታየ። ያ የተንጠባጠበው፣ የተዘለለው ጥቁር ቀለም። «ልክ ያኔ ፋብሪካ ውስጥ እንደተረጨው! ይህ የወንድ እጅ ነው ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለውን ወንድ ብቻ ነው የሚያውቅበት! ሰባ ሺህ ያለ? ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ አምስት…»

አርዲት ክላክሱን ተጫነችው። በሙሉ መዳፏ፣ ሳትለቅ። የሼቬል ክላክስ የዋዛ እንዳይመስላችሁ! አጫራቹ አፉን እንደከፈተ ቀረ፣ ጋርላንድ ኮፍያውን ጣለ፣ ኋላ የተቀመጡት ሁሉ ብድግ አሉ። ፀጥ ሲል ራሷን በመስኮት አወጣች።

«ውሸት ነው! ያንን ቀለም የረጨሁት እኔ ነኝ! መኪናዋን ሙሉዋን የሠራኋት እኔ ነኝ!»

ለአንድ አፍታ እውነት አዳራሹ ውስጥ ቆማ ነበር፣ ሁሉም አይቷታል። አንድ ሰው «ማን ነሽ?» ቢል ያልቅ ነበር። አጫራቹ ግን የአፍ ነጋዴ ነው፤ ፀጥታ ገበያ እንደሚገድል ያውቃል።

«ኧረ እመቤቲቱ ተቆጡ!» ብሎ ሳቀ። «ሠራኋት ይላሉ እኮ! ወገኖቼ፣ አደራ፣ እሳቸው ከመኪናዋ ጋር አይሸጡም፤ እንደዚያ ቢሆን እኔው ነበርኩ የምገዛት! ሰማንያ አምስት ያለ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ዘጠና፣ ዘጠና አምስት፣ መቶ። ሰው ሲስቅ ኪሱም ይከፈታል፤ የእሷ እውነት ለእነሱ ማሻሻጫ ሆነች። አርዲት እያየች፣ እየሰማች ተቀመጠች። በመኪናው መስኮት የሚስቁ ፊቶች ይታዩዋታል። መዶሻው ሲመታ ጭብጨባው ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ ስሟን ግን የጠራ የለም።

ሞተሩን አጠፋችው። እዚያው መድረኩ ላይ። ቁልፉን ነቅላ ያዘች። ኮርቢን ላቡ እየተንጠባጠበ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«እትዬ አርዲት፣ ስለ እግዚአብሔር! ከኋላ ሌላ መኪና ቆሟል!»

«ይቁም!»

«አለቆቹ ያባርሩኛል። እኔ ምን አደረግኩሽ?»

እሱስ እውነት ነው፣ ምን አደረጋት? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንባት ቁልፉን መለሰችና ነድታ ወረደች። ጓሮ፣ መኪና ለገዢ ማስረከቢያው ጋ አቆመቻት። ኮርቢን ተከትሎ መጣና መሬት መሬት እያየ «ከእንግዲህ አትምጣ ብለዋል» አላት። «ድሮስ ማን ይመጣል» አለችው። ጓንቷን አውልቃ ሰጠችው። ጋርላንድ ከሩቅ ቆሞ ያያታል፤ መቅረብ ፈርቷል። ደግ አደረገ።

ገዢው መጣ። ከአዮዋ የመጣ የበቆሎ ዘር ነጋዴ ነው፣ ዌንደል ይባላል፣ ቁመቱ በር ላይ የሚያስጎነብሰው። ገና ከሳቁ አልወጣም።

«እሜቴ፣ ገደሉን እኮ! ያቺ የክላክሷ ነገር! ከአጫራቹ ጋር ተነጋግራችሁባት ነው አይደል?»

ሰውየው መኪናዋን ዞሮ አየ፣ ፓራፋንጎውን በመዳፉ ዳበሰ። የሚወድ ሰው አዳበስ ነው፤ ይህንን ልትክደው አልቻለችም። ሲዞር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰውየውን ግን ያውቁት ነበር? የሠራትን?»

መጮኹን ጮኻ አይታዋለች፤ ሳቁባት። ስለዚህ ቀስ ብላ ተናገረች፣ እያንዳንዷን ቃል ለይታ።

«አውቀዋለሁ እንጂ። ባሌ ነው። መብራት ይይዝልኝ ነበር።»

ሰውየው ሊስቅ አፉን ከፈተ። ፊቷን አየና ዘጋው። መኪናዋን አየ፣ ተመልሶ እሷን አየ። ሲቆይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ስምዎን ማን ልበል?»

«አርዲት ክሎፕፈንስታይን።»

ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።

«የትም ብታቆማት ሰው ከቦ ማን ሠራት ብሎ ይጠይቅሃል» አለችው። «ምን ትላለህ?»

«ክሎፕፈንስታይን ሠራት እላለሁ።»

«እሱ የባሌም ስም ነው፣ የዚያ ኮፍያ የለበሰውም ስም ነው። የኔን ጨምር።»

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። በዙሪያቸው መኪና የሚያስረክቡ ሾፌሮች፣ ኮርቢንም፣ ጋርላንድም ቆመው ይሰማሉ።

«አርዲት ክሎፕፈንስታይን ሠራቻት» አለ።

«ጮክ በል፣ ጋርላንድ ጆሮው ከባድ ነው።»

ጮክ ብሎ ደገመው። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፉን የሰጠችው።